ከጅማ ማዶ እስከ ማንኪራ፦ በዛፍ ላይ የሚኖረውን ነጭ ኦርኪድ ፍለጋ

ጥቅምት 4፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ

ኤራንጊስ ብራኪካርፓ አፈር ሳይነካ በቅሎ አፈር ሳይነካ የሚያረጅ ተክል ነው። ሥሩን በዛፍ ቅርፊት ላይ ዘርግቶ ከጭጋግና ከዝናብ ይጠጣል። ከቅጠሎቹ ሥር ኮከብ የመሰሉ ነጫጭ አበቦችን በዘለላ ቁልቁል ያንጠለጥላል፤ ከእያንዳንዱ አበባ ጀርባም ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን የወለላ ቱቦ ይወርዳል። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ ዛምቢያና አንጎላ ባሉ ከፍታማ እርጥብ ደኖች ይገኛል። ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው ግን ከእኛው አገር በሄደ ናሙና ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲገልጸው ዴንድሮቢየም ከሚባል ሌላ የኦርኪድ ወገን መድቦት ነበር። ዛሬ የሚጠራበት የኤራንጊስ ወገን የተመሠረተው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1865 ነው።

በኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ መሬት ላይ፣ በሣርና በረግረግ መካከል የሚበቅሉ ናቸው። አበባ ሻጭ ጋ በፕላስቲክ ማሰሮ የምናየው የውጭ ዝርያ ዓይናችንን ስለሞላው፣ የራሳችን ኦርኪዶች መኖራቸውን እንኳ ብዙዎቻችን አናውቅም። እኔ ደግሞ ይህን ነጭ አበባ በፎቶና በደረቀ ናሙና ማየት አልበቃኝ ብሎ ከርሟል። ተንጠልጥሎ፣ እርጥብ ሆኖ፣ በራሱ ዛፍ ላይ ማየት ፈለግሁ።

ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ ስንወርድ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ወንዙን ተሻግረን እንደገና ሽቅብ ስንወጣ አየሩ በረደ፤ መሬቱም አረንጓዴ እየሆነ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ዛፎቹ ግንድ ላይ ነበር። ቅርፊቱ ደረቅና ራቁቱን ከሆነ ተስፋ የለም። ቅርፊቱ ላይ ለስላሳ አረንጓዴ ልባስ፣ ከቅርንጫፉም የሚንዘረፈፍ የዛፍ ሽበት መታየት ሲጀምር ነው ወደ ኦርኪድ አገር መግባታችሁን የምታውቁት። ጅማ የደረስነው በመሸ ጊዜ ነው።

ጥቅምት 5፤ በለጠ ደን

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሸቤ አካባቢ የበለጠን ደን ሰንጥቆ ያልፋል። መኪናዋን ጥግ አስይዘን፣ የአካባቢውን የደን ማኅበር አባል አስፈቅደን ገባን። ሾፌራችን አፋን ኦሮሞ ስለሚችል አስተርጓሚዬም እርሱ ሆነ።

ይህ ደን ከሩቅ ሲያዩት ያልተነካ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን ከትላልቆቹ ዛፎች በታች ያለው ሁሉ ቡና ነው። ቡናው የተተከለ ብቻ አይደለም፤ በራሱ የበቀለውም አለ። ባለቤቶቹ በየዓመቱ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፤ የበዛውን ጥላ ያሳሳሉ፤ ብርሃን ለቡናው እንዲደርስ መካከለኛ ቁመት ያላቸውን ዛፎች ይቆርጣሉ። ሰሳና ዋንዛ ለጥላ ይቀራሉ። ስለዚህ ላይ ሲያንጋጥጡ ደን አለ፣ ታች ሲያዩ ቡና አለ፣ በሁለቱ መካከል ግን ባዶ ነው። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ደግሞ የሚወደው ያንኑ መካከል ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ፣ ነፋስ የማይገባበት እርጥበት፣ ከመሬት ብዙም ያልራቀ ግንድ። በባይኖኩላር ላይ ላዩን ስፈልግ የሰሳው ቅርንጫፍ ላይ የፖሊስታኪያ ወገን የሆኑ ኦርኪዶች ተደርድረው አገኘሁ። እነርሱ ብርሃኑንም ድርቀቱንም ይችላሉ። በሰው ቁመት ልክ ባሉት ግንዶች ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ምክንያቱን ከአንድ የቡና ባለቤት ተረዳሁ። ሰውየው በገጀራው ጀርባ የቡና ግንድ እየፋቀ ነበር። ሥሩ የተከመረው ፍቅፋቂ ውስጥ አረንጓዴው ልባስ አለ፤ ፈርን አለ፤ አንድ ጣት የማታህል ኦርኪድም ሥሯ ተገልብጦ አለች።

«ለምን ነው የሚፍቁት?» አልኩት በሾፌሩ በኩል።

«ተቀጽላ ነው፤ ቡናዬን ይመጥብኛል» አለ።

እዚያው አጠገባችን ብሳና ላይ እውነተኛው ተቀጽላ ነበር፤ ቀይ አበባ ያለውና ወፎች ፍሬውን የሚዘሩት። ባለቤቱን አስፈቅደን ተቀጽላው የተጣበቀበትን ቅርንጫፍ ቆርጠን ለሁለት ሰነጠቅነው። ሥሩ ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ፣ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ የት ላይ ዛፉ አልቆ የት ላይ ተቀጽላው እንደሚጀምር አይለይም። ቀጥሎ የተፋቀችውን ኦርኪድ ሥር አሳየሁት። ሥሯ ከቅርፊቱ ላይ ተለጥፏል እንጂ አንዲት ጫፍ ወደ ውስጥ አልገባችም። የቡናው ቅርፊት ከሥሩ ንጹሕ ነው፤ ጠባሳ እንኳ የለውም። ኦርኪዷ ከዛፉ የምትፈልገው መቆሚያ ነው። ውሃዋን ከዝናብ፣ ምግቧን ከብርሃንና በቅርፊቱ ላይ ከሚከማቸው ብስባሽ ታገኛለች።

ሰውየው ሁለቱንም ደጋግሞ አየና «ክብደቱስ? ዝናብ ሲጠጣ ቅርንጫፍ ይሰብራል» አለ። እውነቱን ነው። ፈርንና አረንጓዴ ልባስ ውሃ ሲሞላ ለቀጭን የቡና ቅርንጫፍ ይከብዳል። የቡናው ግንድ የእርሱ ነው፤ ኑሮውም ከዚያው ነው። ለቡናው የሚሠራው ሥራ በጥላ ዛፎቹ ግንድ ላይ መደገሙ ግን ትርጉም አልነበረውም፤ ሰሳው በኦርኪድ ክብደት አይሰበርም። ይህን ስለው «የጥላውን ዛፍ እንኳ የምንፍቀው ለንጽሕና ብለን ነው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ቡና ዋጋ አወራን፤ ቡናም አፈላልን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎጀብ ቆላ ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን ከፋ ገባን። ቦንጋ ስንደርስ ዝናቡ ይወርድ ነበር።

ጥቅምት 6፤ ቦንጋ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ለማንኪራ ደን ፈቃድና አስጎብኚ ለማግኘት ጠዋቱን ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ሠራተኞቹ ደግ ነበሩ፤ ኦርኪድ ለማየት ብቻ ከአዲስ አበባ መጣሁ ስላቸው ግን ደጋግመው «ለቡናው አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙንም አየሁት።

የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የያዩ ደንም በዚያው ዓመት፣ የሸካ ደግሞ በ2012። አሠራሩ ሰውን ከደን ማስወጣት አይደለም። እምብርት የሆነው ክፍል አይነካም። በዙሪያው ያለው ክፍል ማር ለሚቆርጡ፣ የደን ቡናና ኮረሪማ ለሚለቅሙ ክፍት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የእርሻና የመኖሪያ ቦታ ነው። ለአንድ ኦርኪድ ይህ መስመር በወረቀት ላይ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ ትላንት በለጠ ላይ ያየሁት ባዶ ግንድና ነገ የማየው ግንድ ልዩነት እዚያ መስመር ላይ ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል እስከ ውሽውሽ ሄድን። የሻይ ማሳው ለጥ ብሎ ከደኑ ጫፍ ጋር ይገናኛል። ማሳው ያምራል፤ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ግን ለኦርኪድ የሚሆን አንድ ክንድ ቅርፊት አልነበረም።

ጥቅምት 7፤ ማንኪራ

ማንኪራ በከፋ ሰዎች ዘንድ የቡና መገኛ እየተባለ የሚከበር ደን ነው። መኪናው ከቆመበት ጭቃውን እየቦካን ወረድን። አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ የአካባቢው ማር ቆራጭ ናቸው። ቦት ጫማ፣ ገጀራና በትከሻቸው የተጠቀለለ ገመድ ይዘዋል። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ከልጃቸው ጋር ግን በካፊኖኖ ያወራሉ። ገና ስንነሳ «ልጄ፣ ቀስ እያልክ፤ ጉንዳን የረገጠ አበባ አያይም» አሉኝ፤ ከዚያም ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ አስገቡኝ።

ደኑ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው። ጋጋኖ ከሩቅ ይጮኻል፤ ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ያንቀጠቅጣሉ፤ ዝናቡ ካባራ ሰዓት ቢያልፈውም ቅጠሉ ገና ያንጠባጥባል። ግዙፎቹ ቀረሮዎች ቀጥ ብለው ወጥተው ሌላውን ሁሉ ከበታቻቸው ጥለውታል። ከሥራቸው ጥቁር እንጨት፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ገተም አለ። ገተም ራሱ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ነው። ከፋዎች ቀፏቸውን የሚሰቅሉት በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ሲሆን፣ ነጩ ማር የሚገኘውም ከገተም አበባ ነው። ከመሬት እስከ ደረታችን ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሳማ ሞልቶታል። ቡናው እዚህ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል እንጂ አይሸከምም።

ግንዶቹን እያየሁ መቁጠር አቃተኝ። አንዱ ወይራ ላይ ብቻ ፈርኑ፣ ፔፔሮሚያው፣ ከኦርኪዶቹም ፖሊስታኪያው፣ እንደ ሐረግ የምትሳበው ትንሿ ስቶልዚያ፣ ከአምፖሏ አናት አንድ ቅጠል የምታወጣው ቡልቦፊለም ነበሩ። ከአንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ማይክሮኬሊያ የምትባል ኦርኪድ አገኘሁ። ይህች ጭራሽ ቅጠል የላትም። ግራጫማ ሥሮች ተጠላልፈው ከመካከላቸው ጥቃቅን ነጭ አበቦች ይወጣሉ፤ ቅጠል የሚሠራውን ሥራ ሥሮቿ ይሠሩታል። አስጎብኚዬ «ይህንንስ ከዛፍ ሽበት ለይቼው አላውቅም» አሉ፤ ማጉያ መነጽሬንም ተቀብለው ብዙ ቆዩበት።

ኤራንጊሷን ያገኘናት ከቀትር በኋላ፣ ጠባብ ጅረት ላይ ያዘነበለ አሮጌ ዛፍ ላይ ነው። ቦታውን ከዚህ በላይ አልገልጽም። ኦርኪድ ሰብሳቢዎች በጽሑፍ የተገለጸ ቦታን ተከትለው ሄደው ደን ባዶ ያደረጉበት ታሪክ በሌሎች አገሮች ብዙ ነው።

ከመሬት በእኔ ቁመት ልክ ነበረች። ቅጠሎቿ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ ጫፍ የሰፉ፣ በላያቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው፤ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ወደ ታች አዘንብለዋል። ሥሮቿ ከቅጠሏ ይልቅ ረጅም መንገድ ሄደዋል፤ ግንዱን ዙረው፣ አረንጓዴውን ልባስ ውስጥ ለውስጥ አቋርጠው፣ አንዳንዶቹም በአየር ላይ ተንጠልጥለው። ነጭ የሚመስለው የሥሩ ላይኛ ክፍል በሕይወት የሌሉ ሕዋሶች የሠሩት ውሃ መጣጭ ልባስ ነው። ዝናብ ሲነካው ወዲያው ይመጥጣል፤ ቀስ በቀስም ለውስጠኛው ሥር ያስተላልፋል። ከኮዳዬ ጥቂት ጠብታ በአንዱ ላይ አፈሰስኩ። በዓይናችን ፊት ነጩ ጠፍቶ ከውስጥ ያለው አረንጓዴ ብቅ አለ። አስጎብኚዬ ደግመው አንድ ጠብታ አፈሰሱ፤ ልጃቸውንም ጠርተው አሳዩ።

ከቅጠሎቹ ሥር ሁለት ዘለላ ወርዷል። አንደኛው አልፈነዳም። ሁለተኛው ላይ አበቦቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ጅረቱ አዙረዋል። ነጭነታቸው የወረቀት ዓይነት ሳይሆን ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ዓይነት ነው፤ ጫፍ ጫፋቸው ሐምራዊ ጥላ ነክቶታል። ቱቦዎቹ ከመነሻቸው ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ መጀመሪያ ጎበጥ ብለው ከዚያ ቀጥ ይላሉ። ቱቦውን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ከታች ጫፉ ላይ ወለላው እስከ የት እንደሞላ ይታያል። ቀን ላይ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ማጉያዬን ወደ አበቦቹ ሳስጠጋ አንድ ነገር አየሁና ልቤ ዘለለ። በኤራንጊስ አበባ መካከል የአበባው ብናኝ በዱቄት መልክ አይበተንም፤ በሁለት ጠጣር እብጠቶች ተሰብስቦ፣ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ሙጫ ይዞ ይጠብቃል። ከአበቦቹ በአንዱ ላይ ክዳኑ የለም፤ ብናኙም የለም። አንድ የእሳት እራት ከእኛ በፊት ባሉት ሌሊቶች መጥቶ፣ ሙጫው ተጣብቆበት፣ ብናኙን ይዞ ሄዷል። አንድ ሌላ አበባ ደግሞ ጠውልጎ ከጀርባው ያለው ክፍል ማበጥ ጀምሯል፤ ፍሬ ይዟል ማለት ነው። ስለዚህ ይህች ተክል ብቻዋን ላትሆን ትችላለች። ብናኙን የሚያመጣ፣ ብናኙንም የሚቀበል ሌላ ኤራንጊስ በዚህ ደን ውስጥ በአንድ የእሳት እራት መንገድ ርቀት ሳይኖር አይቀርም።

ፍሬው ሲበስል ተሰንጥቆ የሚበትነው ዘር እጅግ ብዙና እጅግ ደቃቅ ነው፤ የጤፍ ፍሬ አጠገቡ ቋጥኝ ይሆናል። እንዲህ የሚቀልለው በውስጡ ስንቅ ስለሌለው ነው። ነፋስ ወስዶ ቅርፊት ላይ ቢጥለው እንኳ ብቻውን አይበቅልም፤ የሚያስፈልገው ፈንገስ እዚያው መኖር አለበት። ፈንገሱ ዘሩ ውስጥ ገብቶ ይመግበዋል፤ ቡቃያው የራሱን ቅጠል አውጥቶ እስኪችል ድረስ። ያ ፈንገስ ደግሞ ለስላሳው አረንጓዴ ልባስ ባለበት፣ እርጥበት በማይጠፋበት አሮጌ ቅርፊት ላይ ነው የሚመቸው። ቅርፊቱ አንዴ ከተፋቀ ወይም ዛፉ አንዴ ከተቆረጠ፣ አዲስ የተተከለ ችግኝ ያንን ልባስ ለመልበስ የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ክረምት ሚሊዮን ችግኝ መትከል ይቻል ይሆናል፤ ይህን የጅረት ዳር ዛፍ ግን መትከል አይቻልም።

አስጎብኚዬን «አባቴ፣ ይህን ዛፍ ማን ነው የሚጠብቀው?» አልኳቸው።

«ኮቦ ነው፤ የወንድሜ» አሉኝ። ኮቦ ማለት በቤተሰብ ይዞታ የሚታወቅ የደን ክፍል ነው፤ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ቅመም የሚለቅመው ባለቤቱ ነው። «ዛፉን የሚቆርጥ የለም። ንቦቹ ወዴት ይሄዳሉ?» አሉ።

ወደ መንደር ተመልሰን ቆጮ በማር በላንና ሊመሽ ሲል የግንባር ባትሪ ይዘን እንደገና ወረድን። ባትሪዎቹን አጥፍተን ከጅረቱ ማዶ ተቀመጥን። ጨለማው ሙሉ ሲሆን ሽታው መጣ። ጣፋጭ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ነፋስ በማይነቃነቅበት በዚያ ሸለቆ ውስጥ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠፋል። ቀን ያልነበረ ሽታ ነው። ነጭነቱም፣ የሌሊቱ ሽታም፣ የቱቦው ርዝመትም የሚናገሩት ለአንድ ጎብኚ ነው፤ በጨለማ ለሚበርና ምላሱ ረጅም ለሆነ ትልቅ የእሳት እራት። በኬንያ በኤራንጊስ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ይህንኑ አሳይተዋል፤ አንድ የሚገርም ነገርም ጨምረው፦ ወለላው በቱቦው ውስጥ እኩል አይጣፍጥም። ከአፉ አካባቢ ያለው ቀጭን ነው፤ ጣፋጩ ከታች ጫፉ ላይ ነው። የእሳት እራቱ ጣፋጩን ፈልጎ ምላሱን እስከ መጨረሻው ሲያስገባ ራሱ ከአበባው መሐል ይገጫል፤ ሙጫውም ያኔ ይይዘዋል።

ስለ ረጅም ቱቦ ሲነሳ ቻርልስ ዳርዊንን ሳያነሱ ማለፍ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ፣ የኤራንጊስ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንግሬኩም ሴስኲፔዳሌ የሚባል ኦርኪድ ደረሰው፤ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ይህን የሚያህል ምላስ ያለው የእሳት እራት በማዳጋስካር መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። ያየ ሰው ስላልነበረ ብዙዎች አላመኑትም። የእሳት እራቱ ተገልጾ ስም ያገኘው በ1903 ነው፤ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ። ይህን ታሪክ ለአስጎብኚዬና ለልጃቸው በጨለማ ውስጥ ነገርኳቸው። ልጁ «የእኛንስ ማን አየው?» አለኝ። የእኛን አበባ ማን እንደሚጎበኘው በማንኪራ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚጠብቅ ተማሪ ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ጅማና ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ቀይ ብርሃን ያለው ባትሪና የዝናብ ልብስ ነው።

እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቆየን። የእሳት እራት አላየንም። እንደገና ዝናብ ሲጀምር ተነሳን።

ጥቅምት 8፤ የወደቀው ቀረሮ

በሌሊቱ ዝናብ ከመንደሩ በላይ አንድ ትልቅ የቀረሮ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወድቋል። ልጁ ነው መጥቶ የነገረን። ስንደርስ በሌላ ጊዜ በሰላሳ ሜትር ከፍታ ላይ የማይታየው ዓለም እግራችን ሥር ተዘርግቷል። ፖሊስታኪያዎች በምንጣፍ መልክ፣ በመካከላቸው ፈርን፣ በታችኛው ጎን ሁለት ወጣት ኤራንጊሶች፤ ገና አበባ ያላወጡ።

በተፈጥሮው ሕግ ይህ ሁሉ ይሞታል። መሬት ላይ ጥላው ይበዛል፤ ቅጠል ይከመርበታል፤ እርጥበቱ ሥሩን ያበሰብሰዋል። አስጎብኚዬ ሁለቱን ወጣቶች አየት አደረጉና «የትላንቷ ልጆች ናቸው?» አሉ። ዘመዶቿ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ልጃቸውን ከቤት ቃጫ እንዲያመጣ ላኩት።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኤራንጊሶቹን ከቅርፊቱ አልለየናቸውም፤ ሥሩ ከተላቀቀ ስለሚሰበር፣ ከሥሮቹ በታች ያለውን ቅርፊት እንዳለ በገጀራ ፈለጥነው። አስጎብኚዬ ገመዳቸውን ሳይጠቀሙ አንድ ጥቁር እንጨት መረጡ፤ ግንዱ ያዘነበለ፣ አረንጓዴ ልባሱ የወፈረ፣ ለጅረቱ የቀረበ። ቅርፊቱን በቅርፊት ላይ አጋጥመን በቃጫ ጠፍረን አሰርን። ቃጫው በዝናብ እስኪበሰብስ ድረስ አዲስ ሥር ግንዱን ይይዛል ብለን ነው። ልጁ ፎቶ አንስቷል፤ ሥሩ ሲይዝ ልኮ ሊያሳየኝ ተስማምተናል።

ፖሊስታኪያዎቹን ሁሉ ማንሳት አልቻልንም። ጥቂቶቹን አሥረን ሌላውን ተውነው።

ጥቅምት 9፤ መመለሻ

ቦንጋ ላይ ቁርስ በልተን ተነሳን። በለጠ ላይ ከቡናው ባለቤት ጋር እንደገና ተገናኘን፤ የኤራንጊሷን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። «ይህችማ አያቴ ግቢ ነበረች» አለ። አያቱ ግቢ የነበረው ዛፍ ዛሬ የለም። የቡናውን ግንድ እንደሚፍቅ አልደበቀኝም፤ የጥላ ዛፎቹን ግን እንደማይነካ ነገረኝ። የቆመው ሰሳ ላይ የቀሩትን ፖሊስታኪያዎች በባይኖኩላር እንዲያይ ሰጠሁት፤ ልጆቹም ተራ ያዙ።

ወደ ማንኪራ መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ፈቃዱንና አስጎብኚውን ከቦንጋ ያዙ፤ ክፍያው ለደኑ ሰዎች እንዲደርስ በማኅበራቸው በኩል ይሁን። ጥቅምት ዝናብ አይጠፋውም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ማጉያ መነጽርና ባይኖኩላር ያዙ፤ ያለ ሁለቱ ግማሹ አይታይም። ዛፍ ላይ ያለውን ኦርኪድ ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ ፈጽሞ አይሆንም። ጅረቱንና ጭጋጉን ያጣ ኤራንጊስ በአዲስ አበባ ሰገነት ላይ ብዙ አይቆይም። ከአገር ማውጣት ከሆነ ደግሞ የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቴስ ስምምነት ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወጣም። የወደቀ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ አስጎብኚዎቹን ጠይቁ፤ ቃጫ ከየቤቱ አይጠፋም።